በእድር ቤት የሰፈርንበት ክረምት

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ሜሮን ደወለችልኝ። ሜሮን ክረምት በመጣ ቁጥር ለልጆች ካምፕ ከሚያዘጋጁ ወጣቶች ጋር ትሠራለች። ዘንድሮ ሠላሳ ልጆች ይዘው ከከተማ ወጣ ብለው ሊሰፍሩ ሁሉን ነገር ካሰናዱ በኋላ ዝናቡ እንቢ አላቸው። መንገዱ ተበላሽቷል፤ ሊሰፍሩበት የነበረው ሜዳ ውኃ ተኝቶበታል። ስለዚህ ልጆቹን አንድ አዳራሽ ውስጥ ሊያሰፍሯቸው ነው። አንቺ ድሮ እንዲህ አድርገሽ ታውቂያለሽ ብላኛለች እናቴ፣ ምን እናጫውታቸው አለችኝ።

እኔ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ስፖርት ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ስለ ጨዋታ የጠየቀኝን ሰው ቶሎ አልለቅም። ወረቀትና እስክሪብቶ አምጪ ብዬ፣ ከአግዳሚ ወንበር ተራራ እንዴት እንደሚሠራ፣ ከልብስ ማጠቢያ ሳፋ እንዴት ወንዝ እንደሚወጣው፣ ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ እየዞሩ ሳይሰለቻቸው እንዴት ግማሽ ቀን እንደሚጓዙ አንድ በአንድ ነገርኳት። በመጨረሻ፣ ያቺ የጭብጨባዋስ አለችኝ። የሰፈራችን ልጆች አርባን አልፈው እንኳ ሲገናኙ የሚያነሷት አንዲት የጭብጨባ ጨዋታ አለች።

ረስቼዋለሁ አልኳት። አልረሳሁም። ስልኩን ዘግቼ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጥኩ። የምኖረው እዚያው ያደግኩበት ልደታ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። እዚህ ላይ ሆኖ ዝናብ በዓይን እንጂ በጆሮ አይታወቅም። የቆርቆሮ ጣራ ሥር ላደገ ሰው ይህ ነገር እስከ ዛሬ ይከብዳል።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቄ መስከረም ላይ ሥራ እስክጀምር ቤት ተቀምጫለሁ። ዘሪሁን የሚባል፣ የሰፈራችንን ልጆች ኳስ የሚያሠለጥን ጓደኛ ነበረኝ፤ እኔና እሱ ተማክረን ከጠመንጃ ያዥ፣ ከአብነትና ከተክለ ሃይማኖት አካባቢ ሃያ ሁለት ልጆች መዘገብን። ሐሳባችን ሰበታን አልፎ ካለ አንድ ጫካ ወስደን አራት ቀን ልናሰፍራቸው ነበር። አብዛኞቹ ልጆች ዛፍ የሚያውቁት በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ግቢ ነው። ከሰኔ ጀምረው ሌላ ወሬ አልነበራቸውም።

ሊመዘገቡ ከመጡት መካከል ወይንሸት የምትባል የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ አቶ ሀብቴ አብነት ውስጥ ከበርሜል ቆርቆሮ የከሰል ምድጃ የሚሠሩ ሰው ናቸው። የሠፈራችን ቤት ሁሉ ምድጃው የእሳቸው ነው ማለት ይቻላል። በዚያ ዓመት ግን ደረታቸውን እያመማቸው መዶሻውን ትተው ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ይውሉ ነበር። ልጅቷን ራሳቸው ይዘዋት መጡ። ስሟን ካስመዘገቡ በኋላ ወጣ በይ አሏትና ወደ እኔ ዞሩ።

"ቤት ከዋለች የእኔን ሳል ስትቆጥር ነው የምትውለው። ሄዳ ትንሽ ትንፈስ" አሉኝ።

ከዚያ ስለ ራሳቸው አባት አጫወቱኝ። እሳቸው ለሥራ አዲስ አበባ እንደመጡ አባታቸው አገር ቤት ይሞታሉ። ዘመድ ወዳጁ ሁሉ፣ ልጁ ብቻውን ነው፣ ሰው አገር ነው፣ ደንግጦ አንድ ነገር ይሆናል ብሎ መርዶውን ደበቃቸው። እሳቸው የማያውቁትን እያንዳንዱ ሰው ያውቅ ነበር። በመጨረሻ የተረዱት በሰባተኛው ወር ነው። "ሰባት ወር ሙሉ" አሉኝ፣ "ለአባቴ የገዛሁትን ጋቢ ሳጥን ውስጥ አስቀምጬ፣ ሰው እስኪገኝ ብዬ ስጠብቅ። ለሞተ ሰው።"

ሳላቸው እስኪያልፍ ጠበቅኩ።

"እኔ አንድ ነገር ብሆን እሷን እንዳትደብቋት። የትም ብትሆን፣ አንቺ ራስሽ ንገሪያትና ይዘሻት ነይ። ቃል ግቢልኝ።"

ኧረ ጋሼ፣ ምን ሆነው ነው እንዲህ የሚሉት አልኳቸው። ቆመው ጠበቁኝ። እሺ፣ ቃሌ ነው አልኳቸው። ለታመመ ሰው እሺ እንደሚባለው ነው ያልኩት፤ በዚያ ዕድሜ ሞት የሚባለው ነገር የሌላ ሰው ጉዳይ ነው።

ልንሄድ ሦስት ቀን ሲቀረን ዝናቡ ያዘው። የሐምሌ ዝናብ አብዶ ይመጣና አንድ ሁለት ሰዓት ወርዶ ያባራል፤ ይኼኛው ግን ጠዋት የለ ማታ የለ፣ ይወርዳል። አውቶቡሱን የሰጠን ሰው መንገዱን አይቶ መጣና፣ ከአስፋልቱ ከወረድን መኪናዬን ጭቃ ይውጠዋል አለ። ልጆቹ ብርድ ልብሳቸውን ጠቅልለው እድር ቤቱ ደጃፍ ተሰብስበዋል። ወደየቤታችሁ ሂዱ ለማለት አንደበት አጣሁ። ዘሪሁን ነው፣ ጫካው ካልሄድንበት እዚሁ እናምጣው ያለው።

እድር ቤቱ ሰፊ የጭቃ ቤት ነው፤ ጣራው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ። አንድ ጥግ ላይ የለቅሶ ዕቃ ተቆልሏል፦ አግዳሚ ወንበር፣ ትልልቅ ብረት ድስት፣ ሳፋ፣ ድንኳን። ካምፕ ያለ ድንኳን አይሆንምና ድንኳኑን ጠየቅን። ቁልፉ ያለው ጋሽ ወርቁ ዘንድ ነበር። የእድሩ ዕቃ ጠባቂም ጡሩምባ ነፊም እሳቸው ናቸው። ሰው በሞተ ቁጥር ንጋት ላይ በየመንደሩ እየዞሩ ጡሩምባቸውን ነፍተው የሟቹን ስም የሚጠሩ፣ ለልጅ ፊት የማይሰጡ ሰው። ድንኳን ለጨዋታ አይተከልም አሉኝ፤ ከተተከለ የሚቀመጥበት ለቀስተኛ ይፈልጋል። ሳቅሁ። የተማርኩ ነኝ፣ አራዳ ነኝ፣ ሟርት ምን ያደርገኛል። ተጣጥፎ ከከረመ ሻጋታ ይበላዋል፣ ነፋስ ይንካው ብዬ ብልሃት አበጀሁ። ይኼኛው ነገር እውነት ስለነበረ እያጉረመረሙ ከፈቱልን።

ገመዱን ከወራጅ ወደ ወራጅ ወጥረን ድንኳኑን ቤት ውስጥ ሰቀልነው። ሻጋታ፣ ጭስና የበርበሬ ቁሌት ይሸታል፤ የስንቱን ቤት ለቅሶ አይቷል። ልጆቹ ግን ሥሩ ሲገቡ ደስታቸው ወሰን አልነበረውም። አግዳሚ ወንበሩን ደራርበን ተራራ ወጣን። በሳፋው ውኃ ላይ ጣውላ ዘርግተን ወንዝ ተሻገርን። ወይንሸት ከቤቷ ያመጣችው አባቷ ለጉዞው ብለው የሠሩላትን አዲስ ትንሽ ምድጃ ነበር፤ ጫካ ውስጥ እንጨቱ ርጥብ ነው፣ በከሰል ተጠቀሙ ብለው ነው የላኳት። በሩን ወለል አድርገን ከፍተን፣ ደፉ አጠገብ አቀጣጥለን በቆሎ እሸት ጠበስን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አጠገብ ለአጠገብ ሆነን እየጮኽን ነበር የምንነጋገረው። የምድጃው ባለቤት እሷ ስለሆነች ማን መጀመሪያ እንደሚበላ የምትወስነው እሷ ነች። በሕይወቴ እንዲህ የኮራ ልጅ አላየሁም።

በማግስቱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የእድሩ ዳኛ አቶ ተሰማ ጃንጥላ ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። ጋሽ ወርቁ ከኋላቸው ናቸው፤ ኮታቸው በስብሶ ውኃ ይወርደዋል። ወደ ውጪ ጠሩኝና ጠፈጠፉ ሥር ቆምን። አቶ ሀብቴ ማታ ብሷቸው ሐኪም ቤት ተወስደው ሊነጋጋ ሲል አርፈዋል። ጡሩምባው ተነፍቷል፤ እኛ ያልሰማነው በዝናቡ ነው። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ልደታ ቤተ ክርስቲያን ነው። ድንኳኑ አሁኑኑ ያስፈልጋል።

ልጅቷስ አልኳቸው።

"ነገ ጠዋት ወጉን ጠብቀን እንነግራታለን። እናቷ ራሷን አታውቅም፣ ማን ይይዛታል? እስከዚያ አንቺ አጫውቻት" አሉኝ አቶ ተሰማ።

አቶ ሀብቴ ያስገቡኝን ቃል ነገርኳቸው። ነገርኳቸው ልበል እንጂ፣ አፌ ውስጥ ነው የቀረው፤ እሳቸው እኮ አትደብቋት ብለውኝ ነበር ዓይነት ነገር አጉተመተምኩ። አቶ ተሰማ ክፉ ሰው አልነበሩም። ትከሻዬን ያዝ አድርገው፣ የታመመ ሰው ብዙ ይላል የኔ ልጅ አሉኝ። እኔም ዝም አልኩ። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፦ ዝም ያልኩት እሳቸውን አክብሬ ብቻ አይደለም። እኔ እንዳልነግራት ትልቅ ሰው ስላዘዘኝ እፎይ ብዬ ነው።

ገብቼ ድንኳኑን እናወርዳለን አልኩ። ልጆቹ ተንጫጩ። ልደታ ያደገ ልጅ የእድር ድንኳን ለምን እንደሚወሰድ ሊነገረው አያስፈልግም፤ ስለዚህ አንዱ ጥያቄ አይቀርም ነበር። የጠየቀችው ወይንሸት ነች። ገመዱን ልትፈታ አግዳሚው ላይ ወጥታ ቆማለች።

"እትዬ፣ ማን ሞቶ ነው?"

ዘሪሁን አቀርቅሮ የወረደውን ገመድ ይጠቀልላል። ሃያ ሁለት ልጅ ያየኛል።

"አታውቂውም" አልኳት። "ወደ ተክለ ሃይማኖት በኩል ያለ ሰው ነው።"

"ነፍስ ይማር" አለች፤ እናቷ እንዳስተማረቻት፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ። ከዚያ ገመዱን ፈትታ ወረደች። አባቷ ከብረት ጋር ያለማመዷት እጅ ነውና ከሁላችን ይልቅ እሷ ነበረች የምትፈጥነው። የድንኳኑን ጫፍ ይዛ ከእኔ ጋር አጠፈች። እሷ ከዚያ፣ እኔ ከዚህ፣ እየተቀራረብን እናጥፋለን፤ በእያንዳንዱ እጥፋት ፊቷ ይቀርበኛል። አሁን ልንገራት እላለሁ፤ አሁን። መጨረሻ ላይ እጅ ለእጅ ስንደርስ ጫፉን ተቀበልኳትና አመሰግናለሁ አልኳት።

በዚህ አላበቃም። ጋሽ ወርቁ ድንኳኑን በላስቲክ ሸፍነው አሸክመው ሊወጡ ሲሉ ወይንሸት ምድጃዋን አንጠልጥላ መጣች። ለቀስተኛው በዚህ ዝናብ ይበርደዋል፣ ሻይ ያፍሉበት፣ አባባ ሌላ ይሠራልኛል አለቻቸው። ያ ስንት ሺህ ሞት በጡሩምባ የተናገረ ሰውዬ ምድጃውን በሁለት እጁ ይዞ አንዲት ቃል ሳይወጣው ወደ ዝናቡ ዞረ። ተቆጡኝ እንዴ አለችኝ። በርዷቸው ነው አልኳት። አንድ ጊዜ ከተጀመረ ውሸት እንዲህ ቀላል ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት እንዴት እንዳለፈ አላውቅም። ባዶው ቤት ውስጥ ያላጫወትኳቸው ጨዋታ የለም። የድምፄን ከፍታ ሳስበው እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ዝናቡ ደግሞ ጣራውን እየደበደበ ያግዘኝ ነበር፤ ከውጪ ምንም አያሰማም። ከእነ አቶ ሀብቴ ቤት ወደ ልደታ የሚወስደው መንገድ በእድር ቤቱ ደጃፍ ነው የሚያልፈው፤ ይህን ሳስብ ዝናቡ እንዲበረታ በልቤ እለምን ነበር። ያን ሰሞን ሁሉ እንዲያባራ ስንጸልይ ሰንብተን።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ቀጥ አለ።

እንዲህ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። ጠፈጠፉ ብቻ ጠብ ጠብ ይላል። በበሩ በኩል ፀሐይ ገባች፤ ጭቃው ላይ ታበራለች። ልጆቹ በአንዴ ፈነዱ፤ አባራ፣ እንውጣ፣ ሜዳ እንሂድ እያሉ ወደ በሩ ግልብጥ አሉ። ሁለት ቀን ሙሉ የጠበቁት ይኼንን ነው። ወይንሸት ከፊት ነበረች፤ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛለች። እኔ ከታች፣ ከመታጠፊያው በኩል፣ የሴቶች ልቅሶ ሲቃረብ ሰማሁ።

በሩን ዘጋሁት። ዘሪሁን መወርወሪያውን ጣለ። በጨለማው ውስጥ፣ ልጆች፣ ዝናቡ ጠፍቶብናል አልኳቸው፤ በጭብጨባ እንጥራው። ከጣራው በላይ ካላስጮኻችሁት አይሰማም። እኔ አንድ አጨበጭባለሁ፣ እነሱ ይቀበሉኛል፤ ሁለት አጨበጭባለሁ፣ ይቀበሉኛል። በእግርም ጨመርን፣ በሳፋውም፣ በብረት ድስቱ ክዳንም። ሃያ ሁለት ልጅ ቤቱን አናወጠው፤ እየሳቁ፣ እያላባቸው። ወይንሸት በሩን ተደግፋ ከሁሉም በላይ ታጨበጭባለች። ከጀርባዋ፣ ከጣውላው ማዶ፣ አባቷ አለፉ። እሷ የሰማችው የራሷን ጭብጨባ ነው።

ስናቆም መዳፋችን ቀልቶ ነበር። ድገሚን አሉኝ።

በማግስቱ ሲነጋጋ አቶ ተሰማ ሁለት ሽማግሌና አክስቷን ይዘው መጡ። ወይንሸት በርኖሷ ውስጥ ቁጭ ብላ ሰማቻቸው። አክስቷ ቀድማ ጮኸች፤ እሷ አልጮኸችም። ሽማግሌዎቹን አላየችም፤ አክስቷንም አላየችም። ዓይኗን ዞር ዞር አድርጋ እኔን ፈለገች።

"አታውቂውም ብለሽኝ ነበር" አለችኝ።

ሲወስዷት ደጃፉ ላይ ጫማዋን ላጠልቅላት ጎንበስ ብል እግሯን ሳበች። በባዶ እግሯ ሄደች። ቤት ስትደርስ ራሷ ያጠፈችው ድንኳን ተተክሎ፣ ራሷ የላከችው ምድጃ ላይ ሻይ ይፈላ ነበር።

ከዓመታት በኋላ የእኔ እናት ስትሞት ወይንሸት ልታስተዛዝነኝ መጣች። ትልቅ ሴት ሆናለች፤ ሰፈሩ ፈርሶ ሰው በየአቅጣጫው ከተበተነ በኋላ ነው፤ ርቃ ሄዳ ሳለ ሰምታ መጣች። አጠገቤ ተቀምጣ ብዙ ቆየች። ሰው ሲሳሳ፣ ይቅር በይኝ ልጄ አልኳት። ለምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም።

"ብሄድ ኖሮ ምን አደርግ ነበር እያልኩ ነው የኖርኩት" አለችኝ። "ምንም አላደርግም ነበር፣ እትዬ። እቆም ነበር፣ በቃ።"

ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም። እኔም ደግሜ አልጠየቅኋትም። ስትወጣ እንደ ወጉ እግዜር ያጽናሽ አለችኝ፤ ተሳሳምን።

የቀሩት ልጆች ያን ካምፕ በልጅነታቸው ከሁሉ የበለጠ የተደሰቱበት ነው ይላሉ። ሲገናኙ መዳፋቸው እንዴት እንደቀላ ያወራሉ፤ አንዳንዶቹ ለልጆቻቸው አስተምረውታል። እውነታቸውን ነው፤ በጣም ያስደስት ነበር። እኔ ግን ሠርግ ላይ እንኳ ሰው ሲያጨበጭብ እጄን እደብቃለሁ። የደበቅናት ስለወደድናት ነው ይሉኛል የዘመኑን ወግ የሚያውቁ። ይሆናል። አባቷም የፈሩት ያንኑ መውደድ ነበር።

ትናንት ሜሮን እንደገና ደወለች። ልጆቹ ገብተዋል፣ ተራራውም ወንዙም ተሳክቷል፤ ከኋላዋ ጫጫታቸው ይሰማኛል። ሌላ የምትመክሪኝ አለ ወይ አለችኝ። በዚህ ዕድሜዬ በስልክ የሚወራ አልሆነልኝም። ነገ ራሴ እመጣለሁ፣ ያቺን የጭብጨባዋን ነገር አስታውሻታለሁ፤ ስመጣ የማጫውትሽ አለኝ፣ ለብቻሽ፣ አልኳት።

"እስከዚያ ግን በሩን አትዝጊው።"

"ዝናብ ይገባል እኮ፣ አክስቴ።"

"ይግባ" አልኳት።